ድጋሚ የወጣው ካርድ



እዚህ ቂርያት ጋት ልጆቻችን ዛሬም ቦርሳቸውን አንግተው ይወጣሉ። ከደብተሩ መሀል የሱፐርጎል ካርድ አለ። የኳስ ተጫዋቾች ፎቶ ያለበት ካርድ። ፓኬቱ ይቀደዳል። ካርዶቹ አንድ በአንድ ይታያሉ። አዲስ ከሆነ ደስታ ነው። ድጋሚ ከሆነ ግን ፊት ይጠቁራል። «ይሄማ አለኝ!» ይላል ልጁ።

አለህ። ጓደኛህ ግን የለውም። የእስራኤልን ብሔራዊ ቡድን በአምበልነት የመራው የእኛው ልጅ ኤሊ ዳሳ ሁለቴ ቢወጣልህ፣ አንዱ ያንተ ነው። ሁለተኛው፣ እሱን ሲፈልግ የከረመው ልጅ ድርሻ ነው። ልጆች ይህን ቶሎ ይረዱታል፤ በእረፍት ሰዓት ሲለዋወጡ እዩአቸው።

እኛ አዋቂዎችስ? እኛም የተረፈን አለ። ዕብራይስጥ አቀላጥፈን እናነባለን፤ ለእኛ ተራ ነገር ነው። ከላይኛው ፎቅ ያሉት እናት ግን ከጤና ጣቢያ የመጣ ደብዳቤ ይዘው የሚያነብላቸው ይጠብቃሉ። ልጃቸው ሥራ ላይ ነው። የልጅ ልጃቸው ትምህርት ቤት ነው። እሳቸው ደግሞ ሰው ለማስቸገር ያፍራሉ።

ስለዚህ እስኪጠሯችሁ አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ከሥራ ስትመለሱ በራቸውን አንኳኩ። «እማማ፣ የሚነበብ ነገር አለ?» በሏቸው።