በሽንጥ ወይስ በሆድ? ስለ መጋዘናችን ድመቶች



ባለፈው ስብሰባ የእህል መጋዘናችንን ሁለት እንስት ድመቶች ለማስመከን ከጋራ ካዝናችን ወጪ ይደረግ ወይ የሚል ጥያቄ ተነስቶ ነበር። እኛ የሂሳብ ክፍሎቹ ሐኪሞች አይደለንም፤ ግን ምን እንደምንገዛ ሳናውቅ ገንዘብ አናወጣም። ስለዚህ ጠይቀን የተረዳነውን እናቀርባለን።

«ለድመት ብላችሁ?» ያላችሁ ነበራችሁ። የድመት እርግዝና ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ነው፤ እያጠባችም ደግማ ልታረግዝ ትችላለች። ግልገሎች በማዳበሪያ ከረጢት ታስረው ወደ እንጦጦ ባሕር ዛፍ ውስጥ ሲጣሉ ለየካ ሰው አዲስ ወሬ አይደለም። ድመቶቹን እናባር ብንል ደግሞ ጤፋችን አጠገብ የአይጥ መርዝ ልናስቀምጥ ነው።

ሐኪሙ ድመቷን በማደንዘዣ ካስተኛት በኋላ የሚገባበት መንገድ ሁለት ነው። አንዱ ከእምብርቷ ዝቅ ብሎ በሆዷ መካከል ነው። እዚያ መስመር ላይ ጡንቻ ስለማይቆረጥ ደሙ ትንሽ ነው፤ ችግር ቢገጥምም ቀዳዳውን ማስፋት ይቀላል። እርጉዝ ለሆነች ወይም ማኅፀኗ መግል ለቋጠረ የሚመረጠው ይኸው ነው።

ሌላው በሽንጧ በኩል ነው። እዚህ ጡንቻ ስለሚነካ ቁስሉ ትንሽ ሊያማት ይችላል፤ ቀዳዳውንም ማስፋት አይመችም። ለምታጠባ ድመት ግን ይሻላል፤ ቢላዋው ወተት ከሞላው ጡት ይርቃል። ስፌቱ ቢላላ እንኳ አንጀት የመውጣቱ አደጋ ያነሰ ነው። የእኛዋን ግራጫ ደግሞ ማን ይይዛታል! በሽንጧ ከሆነ ቁስሉን ከሩቅ ማየት እንችላለን።

እንደ ሴቶቹ ማስቋጠር አይበቃም ወይ ያላችሁም ነበራችሁ። እርግዝናውን ያስቀራል፤ ሌሊት ወንድ ፍለጋ መጮኋን ግን አያስቀርም። ለዚያ እንቁላል የሚያመርቱት ሁለቱ ክፍሎች መውጣት አለባቸው። ማኅፀኗ ጤነኛ ከሆነ እነሱን ብቻ ማውጣት ይበቃል፤ ከነማኅፀኑ የሚያወጡም ብዙ ናቸው። የወሊድ መከላከያ መርፌው ርካሽ ቢሆንም ሲደጋገም የጡት ዕጢና የማኅፀን ሕመም ስለሚያመጣ ከሂሳቡ ሰርዘነዋል።

ግራጫዋ ግልገሎቿ መብላት ሲጀምሩ በሽንጧ በኩል እንድትሠራ ሐሳብ እናቀርባለን። ቡናማዋ ግን ሆዷ ገፍቷል። አሁን ከተሠራች እርግዝናውም አብሮ ይቋረጣል፤ ከተውናት ደግሞ ግልገሎቹን የሚወስድ ቤት ከወዲሁ መፈለግ አለብን። ይህን የሂሳብ ክፍል ብቻውን ሊወስን አይገባውም፤ ድምፅ እንድትሰጡበት ለእናንተ ትተነዋል።