አሽቢና የእጅ ሥራ ማኅበሩ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተነገረ)



በትምህርት ቤታችን በዓል እንድንናገር ዕድል ስለ ተሰጠን፥ ትምህርትንና የእጅ ሥራን አንድ ለማድረግ ስለ ደከመ ሰው ጥቂት ልናሰማችሁ ወደድን። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ቻርልስ ሮበርት አሽቢ በ1863 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ተወለደ። በካምብሪጅ ታሪክ ተምሮ ሲጨርስ የሕንፃ ንድፍ ሙያ ለመማር ወደ ለንደን ሄደ። በዚያም በድኾች ሰፈር በኋይትቻፕል፥ ቶይንቢ ሆል በሚባለው ቤት ተቀምጦ፥ ለሠራተኞች የጆን ረስኪንን መጻሕፍት ያስተምር ጀመር። ንባቡም ወደ ሥራ ተለወጠ፤ ተማሪዎቹ የቤቱን የምግብ አዳራሽ በሥዕልና በቅርጽ አስጌጡ። ከዚህ ጅምር በ1888 ዓ.ም. የእጅ ሥራ ማኅበርና ትምህርት ቤት ተመሠረተ።

በዚያ ዘመን የፋብሪካ ሥራ ተከፋፍሎ ስለ ነበረ፥ አንዱ ሠራተኛ ዕድሜውን ሁሉ የወንበር እግር ብቻ ሲያበጅ ይኖር ነበር። አሽቢ ግን ሥራ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ሠሪውንም ማነጽ አለበት ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ በማኅበሩ ውስጥ አናጢው፥ ብረት ሠሪውና ብር ሠሪው ሥራቸውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያውቁት ነበር፤ በማኅበሩም ጉዳይ ተሰብስበው ይመክሩ ነበር።

ከለንደን ወጥቶ ወደ ገጠር መሄድ በታሰበ ጊዜም ነገሩ የተወሰነው በአባላቱ ድምፅ ነው። በ1902 ዓ.ም. ከነቤተ ሰቦቻቸው 150 የሚያህሉ ሰዎች ቺፒንግ ካምደን ወደምትባል ትንሽ ከተማ ተዛወሩ። አሮጌውን የሐር ፋብሪካ የሥራ ቤት አደረጉት፤ የመዋኛ ኩሬ አበጁ፤ ቴአትር ተጫወቱ፤ በ1904 ዓ.ም. ደግሞ የከተማው ልጆችና ጐልማሶች የሚማሩበት የጥበብና የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ከፈቱ።

ይሁን እንጂ ገበያው ሩቅ ነበረ። የለንደን ነጋዴዎች መልካቸው የሚመሳሰል፥ በመኪና የተሠሩ ዕቃዎችን በርካሽ ይሸጡ ነበር። ኪሳራው እየበዛ ሄዶ በ1908 ዓ.ም. የማኅበሩ ንግድ ተዘጋ።

እንግዲህ አሽቢ ደክሞ ቀረ እንበልን? የሒሳቡን መዝገብ ብቻ ያየ ሰው እንደዚያ ይል ይሆናል። ነገር ግን ከባለሙያዎቹ አንዳንዶቹ በካምደን ቀርተው ሥራቸውን ቀጠሉ። ብር ሠሪው ጆርጅ ሃርት በዚያው በሐር ፋብሪካው ሠራ፤ ሙያውም በዘሮቹ እጅ እስከ ዛሬ አለ። አሽቢም ራሱ ከ1918 እስከ 1922 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም የከተማ አማካሪ ሆኖ ሲሠራ፥ አሮጌውን የጥጥ ገበያ አሳድሶ ወጣቶች ሽመና እንዲማሩበት አድርጓል። በ1942 ዓ.ም. ዐረፈ።

እኛ ከታሪኩ ሁለት ነገር ተምረናል። አንደኛው፥ የሥራ ፍቅር ብቻውን ቤት አያቆምም፤ ዋጋንና ገበያን ማወቅም ያስፈልጋል። አሽቢም በኋላ፥ የመኪናን ኃይል ያላገናዘበ የጥበብ ትምህርት እንደማይጸና ጽፏል። ሁለተኛው፥ ንግድ ሲዘጋ ዕቃው ይሸጣል፤ በሰው እጅ የገባ ሙያ ግን ለጨረታ አይቀርብም።

ጓደኞቻችን ሆይ፥ ከመካከላችን የእጅ ሥራን ክፍለ ጊዜ እንደ ዕረፍት የሚቈጥር ቢኖር ይህን ያስብ። ወላጆቻችንም ልጃችሁ ያበጃት ጠማማ በርጩማ ወደ ቤት ስትመጣ አትሳቁባት፤ የሚቀጥለው ቀና ይሆናልና።