«ካታራክት» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል የተደረገ ንግግር



በዚህ በዓል ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ጥቂት እንናገራለን። ቃሉ «ካታራክት» ነው።

ያገኘነው በ8ኛ ክፍል በጂኦግራፊ ትምህርት ነው። ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር በካርቱም ተገናኝቶ ወደ አስዋን ሲወርድ በስድስት ቦታ በዐለት መካከል እየተናጠ ያልፍ ነበር፤ እነዚህ ስድስቱ ካታራክት ይባላሉ። አንዳንዶቹ ዛሬ በግድብ ሐይቅ ሥር ሰጥመዋል። እንደ ጢስ ዓባይ ከገደል የሚወረወሩ አይደሉም፤ መዝገበ ቃላቱ ግን ትልቁንም ፏፏቴ በዚሁ ስም ይጠራዋል። እኛም «ካታራክት ማለት ፏፏቴ» ብለን ጽፈን ደብተራችንን ዘጋን።

ጥቂት ቆይቶ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ከሐኪም የተሰጣቸውን ወረቀት እንድናነብላቸው መጡ። ወረቀቱ «ካታራክት፥ ሁለቱም ዓይን» ይላል። ተማክረን፥ «እማማ፥ ከዓይንዎ ውሃ ይፈስሳል ነው የሚለው» አልናቸው።

«እሱማ የጢሱ ነው፥ ልጆቼ» ብለው ወረቀቱን አጥፈው ሄዱ።

ሁለት ዓመት አለፈ። ደጃፋቸውን በእጃቸው እየዳሰሱ ሲገቡ ብናያቸው ደንግጠን መዝገበ ቃላቱን እንደ ገና ገለጥን። ሁለተኛው ትርጕም ከመጀመሪያው ሥር ተጽፎ ኖሯል፤ የዓይን ሞራ።

ውሃንና ሞራን ምን አገናኛቸው? ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ወደ ታች የሚወርድ ማለት ነው። በላቲን ፏፏቴውንም፥ ከቅጥር በር ላይ ወደ ታች የሚለቀቀውን መዝጊያም ይጠሩበት ነበር፤ በሽታው ስሙን ያገኘው ከመዝጊያው ነው የሚሉ አሉ። የጥንት የዐረብ ሐኪሞች ደግሞ «የውሃ መውረድ» ይሉት ነበር፤ ፈሳሽ ወደ ዓይን የሚወርድ ይመስላቸው ነበርና። እንግዲህ ስሕተታችን የጥንት ዘመዶች ነበሩት፤ ይህ ግን አላጽናናንም። የሚወርድ ውሃ የለም፤ ከብሌኑ በስተኋላ ያለው ጥርት ያለ ሌንስ ይደፈርሳል። አማርኛችን ከፍሪዳ ሆድ ዕቃ ላይ በሚገፈፈው ነጭ ስብ ሰይሞታል፤ ላየው ሰው ይህ ይቀርባል።

እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ብሔራዊ ጥናት በአገራችን ከዓይነ ስውራን ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በዚሁ በሽታ ነው። ሆኖም ሐኪም የደፈረሰውን አውጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ሊተካበት ይችላል።

እማማም ባለፈው ዓመት አንዱን ዓይናቸውን ታከሙ። በመንገድ ሲያገኙን፥ «ፏፏቴው ደረቀ ወይ?» እያሉ ይስቁብናል። የሁለተኛው ዓይናቸው ቀጠሮ ገና ነው፤ ወረቀቱን ይዘው የመጡት ግን ወደ እኛው ነው።