ተርቦ ለተጨመረበት የናፍጣ ሞተር ቴስታታ ስለ መምረጥ
በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



በደጋ አገር የሚሠራ ሞተር ሁሉ ለከፍታው የሚከፍለው ግብር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የአየሩ ግፊት 0.76 ባር አካባቢ ነው፤ ይኸውም በባሕር ዳርቻ ካለው ግፊት ሦስት አራተኛው ማለት ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በእያንዳንዱ ስበት የሚያገኘው አየር በዚያው መጠን ስለሚያንስ ዳገት ላይ ይደክማል፤ ናፍጣው ካልተቀነሰለትም ጥቁር ጭስ ይተፋል። ስለዚህ ባለንብረቱ ተርቦ እንዲጨመርለት መጠየቁ አያስነቅፈውም። ይሁን እንጂ ከተርቦው ዓይነት ይልቅ የሞተሩን ዕድሜ የሚወስነው፣ የተጨመረውን ግፊትና ሙቀት የሚሸከመው ቴስታታ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ይህ ጥያቄ የሚነሣው ቴስታታው ከተሰነጠቀ በኋላ ነው።

ነገሩን ለማስረዳት በኢትዮጵያ መንገዶች በስፋት የሚታየውን የቶዮታ ላንድ ክሩዘር 1ኤች ዜድ ሞተር መውሰድ ይበቃል። ይህ እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ የቀረበ ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ይዞታው 4,164 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሲሆን፣ ከፋብሪካ የሚወጣው ያለ ተርቦ ነው። የእመቃ ልኩም ከ22 ለ1 በላይ ነው። ናፍጣው በቀጥታ በፒስተኑ አናት ላይ አይረጭም፤ በቴስታታው ውስጥ በተሠራ ትንሽ ቅድመ ማቃጠያ ክፍል ይረጫል። እሳቱ በዚያ ይጀምርና በጠባብ ጉሮሮ በኩል በከፍተኛ ፍጥነት ወደ ሲሊንደሩ ይወጣል። ይህ አሠራር ሞተሩን ድምፁ ለስላሳ ያደርገዋል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ቴስታታው ነው። ከቃጠሎው ሙቀት ብዙው የሚያርፈው በቅድመ ክፍሉና በቫልቮቹ መቀመጫ መካከል ባለችው ቀጭን ብረት ላይ ነውና።

ስንጥቅ የሚጀምረውም በዚያች ስፍራ ነው። ብረቱ ሲግል ሊሰፋ ይሞክራል፤ በዙሪያው ያለው ቀዝቀዝ ያለ ብረት ግን አያሰፋውም፤ ስለዚህ ተጨምቆ ይተኛል። ሞተሩ ሲበርድ ደግሞ ያ የተጨመቀው ብረት ወደ ቀድሞ ቦታው ሊመለስ ስለማይችል ይወጠራል። ይህ መጨመቅና መወጠር በተደጋገመ ቁጥር ብረቱ ይደክማል፤ በመጨረሻም እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይታያል። እንግዲህ ቴስታታውን የሚገድለው የአንድ ቀን ግለት ብቻ ሳይሆን የግለትና የብርደት ምልልስ ነው። ከዳገት ወጥቶ ሳይበርድ ወዲያው የሚጠፋ ሞተር ቶሎ የሚጎዳበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የግፊቱን ሒሳብ አጥርቶ ማወቅ ደግሞ ለምርጫው መሠረት ነው። በዳሽቦርድ ላይ የሚታየው የተርቦ ግፊት መለኪያ የሚያነበው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። በአዲስ አበባ 0.25 ባር ቢያነብ፣ በቴስታታው መግቢያ ያለው አየር 1.01 ባር ሆነ ማለት ነው፤ ይህም በባሕር ወለል ያለው ተራ ግፊት ነው። ስለዚህ ናፍጣው ሳይጨመር 0.25 ባር ብቻ የሚሰጥ ተርቦ፣ አየሩ ሲታመቅ ከሚያገኘው ሙቀት በቀር፣ ከፍታው የወሰደውን ይመልሳል፤ ጭሱም ይጠራል። መለኪያው 0.5 ባር ካነበበ ግን ተርቦው አየሩን 1.66 ጊዜ ማመቅ ይኖርበታል፤ በባሕር ወለል ያንኑ ንባብ ለመስጠት የሚያስፈልገው 1.5 ጊዜ ነበር። በደጋ ተርቦው አብዝቶ ይደክማል፣ አየሩም ይበልጥ ይግላል። ያው መኪና ወደ ቆላ ሲወርድ ደግሞ ተመሳሳዩ ንባብ በሲሊንደሩ ውስጥ የበለጠ አየርና የበለጠ የቃጠሎ ግፊት ይሆናል፤ ሸክሙም በቴስታታው፣ በጓርኒሲዮኑና በቡሎኖቹ ላይ ያርፋል።

ከዚህ የተነሣ ቴስታታ የሚመረጠው በከተማ ሜዳ ላይ በሚታየው ፍጥነት ሊሆን አይገባም። ሚዛኑ ከአባይ ሸለቆ የሚወጣው ዳገት ነው። ከድልድዩ እስከ ደጀን ድረስ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ሞተሩ ሙሉ ጭነት ተሸክሞ በዝቅተኛ ማርሽ ለረጅም ጊዜ ይሠራል፤ መኪናው ቀርፋፋ በመሆኑ ራዲያተሩን የሚመታው ነፋስ ጥቂት ነው፤ ታች ያለው አየር ሞቃት፣ ላይ ያለው ስስ ነው። በየወረዳው በሽተኛ የሚያመላልሱት ተሽከርካሪዎች ብዙዎቹ ከዚሁ ከላንድ ክሩዘር ወገን መሆናቸውን ያስታወሰ ባለሙያ፣ የቴስታታ ስንጥቅ የገንዘብ ኪሣራ ብቻ እንዳልሆነ ይገነዘባል።

በዚህ ሚዛን ሲታይ ከባለሙያው ፊት ሦስት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ጤነኛውን የፋብሪካ ቴስታታ ማቆየት ነው። ይህ መልካም ምርጫ የሚሆነው ተርቦው ከፍታው የወሰደውን ለመመለስ ብቻ ሲታሰብና ናፍጣው ሳይጨመር ሲቀር ነው። ከተርባይኑ በፊት የጭስ ሙቀት መለኪያ መግጠም ግዴታ ሊሆን ይገባል፤ ብዙ ባለሙያዎችም በረጅም ዳገት ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዲቆይ ይመክራሉ።

ሁለተኛው በሌሎች አምራቾች የተሠራ አዲስ ቴስታታ መግጠም ነው። ከእነዚህ መካከል ስንጥቅ በሚበዛበት ስፍራ ብረታቸው የወፈረ አሉ፤ የውሃ መተላለፊያቸው በአሸዋ የተደፈነም አይታጣም። አዲስ መሆኑ ብቻ ዋስትና አይሆንም። ደግሞም የቱንም ያህል ቢወፍር ቅድመ ማቃጠያ ክፍሉ በስፍራው አለ፤ ስለዚህ ስንጥቁን ያዘገየው እንደሆነ እንጂ ባሕርዩን አይለውጠውም።

ሦስተኛው በቀጥታ ወደሚረጨው አሠራር መሻገር ነው። የ1ኤች ዜድ ወንድም የሆነው 1ኤች ዲ ቲ የሲሊንደሩ ስፋት 94፣ የፒስተኑ ምት 100 ሚሊ ሜትር ሲሆን ይህ ከ1ኤች ዜድ ጋር አንድ ነው፤ ነገር ግን ከፋብሪካ ከነተርቦው የወጣ፣ ናፍጣው በፒስተኑ አናት ባለ ጉድጓድ የሚረጭ፣ የእመቃ ልኩም 18.6 ለ1 የሆነ ሞተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የተከተለው 1ኤች ዲ ኤፍ ቲ ደግሞ በየሲሊንደሩ አራት ቫልቭ አለው። ልኩ ስለሚመሳሰል ቴስታታውን ብቻ አውጥቶ መግጠም የሚቻል የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ይህ ግን ታላቅ ስሕተት ነው። ጉድጓድ ያለው ፒስተን፣ ለቀጥታ ርጭት የተሠራ ፖምፓና ኢንጀክተር አብረው ካልመጡ ቴስታታው ብቻውን ሥራ አይሠራም። እንግዲህ በርከት ያለ ኀይል የሚሻ ባለንብረት ሙሉውን ሞተር ቢለውጥ በወጪም በዕድሜም ይጠቀማል።

ወፍራም ጓርኒሲዮን በመግጠም እመቃውን መቀነስም አንዳንድ ጊዜ እንደ መፍትሔ ይቀርባል። ቅድመ ክፍል ያለው ሞተር ግን ያን ከፍተኛ እመቃ የያዘው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ብርድ ላይ የሚነሣበት ኀይሉ ነው። በደብረ ብርሃን ውርጭ ጧት እመቃው የተቀነሰ ሞተር ሹፌሩን ያስለቅሳል። የጓርኒሲዮን ውፍረት የሚመረጠው ፒስተኑ ከብሎኩ ፊት በላይ የሚወጣበት መጠን ተለክቶ ነው።

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ፣ ከመገጠሙ በፊት የሚደረገው ምርመራ አንድ ነው። ቴስታታው በሙቅ ውሃ ውስጥ በግፊት ይፈተን፤ በቫልቮቹና በቅድመ ክፍሎቹ መካከል ስንጥቅ በሚያሳይ ቀለም ይታይ፤ የፊቱ ልክነት በቀጥ ማስመሪያ ይለካ። ተልጎ ከተስተካከለም የቫልቮቹ ጥልቀትና የቅድመ ክፍሎቹ ከንፈር እንደገና ይለኩ። ቡሎኖቹ በተወሰነላቸው ቅደም ተከተልና ልክ ይጥበቁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላልና፣ በችኮላ የታሰረ ቴስታታ የሚፈታው በዳገት መካከል ነው።

በመጨረሻም፣ ባለንብረቱ የሚጠይቀው ኀይል ነው፤ ባለሙያው ሊነግረው የሚገባው ግን የኀይሉን ዋጋ ነው። 0.25 ባር የሚሸከም ቴስታታ 0.8 ባር እንደማይሸከም አስቀድሞ መንገር ደንበኛ ቢያስቀርም እንኳ ሞተርን ያተርፋል። የሙያው ክብርም የሚለካው መኪናው ከወርክሾፑ ሲወጣ በሚያሰማው የተርቦ ፉጨት ሳይሆን፣ ከዓመታት በኋላም የአባይን ዳገት ውሃ ሳያፈላ መውጣቱን በመቀጠሉ ነው።