ማኅሌተ ጽጌና የቻግኒ መንገድ



ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ፣ 40 ቀን ሙሉ፣ ከአገሯ የተሰደደችን እናት ታስባለች። ሄሮድስ ሕፃኑን ሊገድል በተነሣ ጊዜ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ ከአረጋዊው ዮሴፍና ከሰሎሜ ጋር ወደ ግብፅ ወረደች። ካህናቱ ቅዳሜ ማታ ገብተው እስከ እሑድ ንጋት ማኅሌተ ጽጌ ሲቆሙ ያድራሉ፤ ኅዳር 6 ቁስቋም ይከበራል። ስለ ስደተኛዋ ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ምእመን፣ ሲነጋ ደጁ ላይ የቆመችውን ስደተኛ አላውቅም ሊል አይችልም። ዛሬ በእንጅባራ የቆምሁት ይህን ለማለት ነው።

ከዚህ ከተማ ተገንጥሎ በቻግኒ በኩል ወደ መተከል የሚወርደው መንገድ ምን እንዳየ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በመተከል፣ በቡለን ወረዳ በበኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። በዚያው ዘመን በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውንና አዝመራቸውን ጥለው ወደ ቻግኒ ወጡ፤ ብዙዎቹ ራንች በተባለው ስፍራ በድንኳን ሰፈሩ።

እንግዳ መቀበል ለዚህ አገር ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። መሽቶበት «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ላለ መንገደኛ በር ይከፈታል፤ እግሩ ይታጠባል፤ መደብ ይለቀቅለታል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለውን የቆሎ ተማሪም አስቡት። ጎጃም የቅኔ አገር የሆነችው በመምህራኑ ብቻ አይደለም። ከየአገሩ የመጣውን ልጅ ዘሩን ሳይጠይቁ ቁራሽ የሰጡ እናቶችም አሉበት። እኔ እነዚያን እናቶች ከመምህራኑ አሳንሼ አላያቸውም።

ነገር ግን ይህ ልማዳችን የተሠራው ለአንድ ሌሊት እንግዳ ነው። ተፈናቃይ ሲነጋ አይሄድም። በመጀመሪያው ሳምንት እንጀራ ተሸክሞ የመጣው ጎረቤት፣ ወራት ሲቆጠሩ ይደክመዋል፤ የቤት ኪራይ ተወደደ፣ የቀን ሥራ ተሻሙብን ማለት ይጀመራል። ድካሙ እውነት ነው፤ በተግሣጽ ብቻ አይወገድም። ተስፋ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ክርስቲያናዊ ተስፋ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ቢሆን ኖሮ፣ ወደ ቤቷ የምትመለስበትን ቀን ለማታውቅ እናት ምንም አይፈይድላትም ነበር። ልጇን ከእኛ ልጆች ጋር ትምህርት ቤት ማስመዝገብ፣ ጓሮ ቆርሶ ድንች የምትተክልበት መስጠት፣ እነዚህ በተስፋ የሚሠሩ ሥራዎች ናቸው።

ከዚህ የሚከብድም አለ። ሐዘን በቀልን ይወልዳል፤ በቀልም ገዳዩን ትቶ ወገኑን ሁሉ ይፈልጋል። በመተከሉ ግድያ ምክንያት በጅምላ በጥርጣሬ የሚታየው የጉሙዝ ሕዝብ ጎረቤታችን ነው። ከደጋው የወረዱ ሰዎች ጉሙዞችን ለባርነት ያድኑ እንደነበር ታሪክ ይመሰክራል፤ በ1977 ዓ.ም. የተጀመረው የበለስ ሰፈራም የኖሩበትን መሬት ወስዶባቸዋል። ይህ የ2013ቱን ግድያ አያጸድቅም፤ የገደለ በሕግ ይጠየቅ። ምንም ያላደረገው ጉሙዝ ግን እህሉን ይዞ ገበያ ሲወጣ ሰላምታችንን ሊያገኝ ይገባዋል። ክርስቶስ ጠላትን እንኳ እንድንወድ ካዘዘን፣ ያልበደለንን ጎረቤት ለመጥላት ምን ምክንያት ይቀርልናል?

አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በየደብሩ ጽዋ ማኅበር አለ፤ በየወሩ በተራ ይደገሳል፤ ለነዳያንም ይተርፋል። እስካሁን ተፈናቃዩን የምናስበው ከነዳያኑ ጋር ነው። እያንዳንዱ ማኅበር ቢያንስ አንድ የተፈናቀለ ቤተሰብ በአባልነት ይቀበል። አባል ተራ አለው፤ ተራ ያለውም ያስተናግዳል። ሁልጊዜ የሚቀበል እጅ ያፍራል፤ የተፈናቀለችው እናት በኪራይ ቤቷ ጠላ ቀድታ፣ ዳቦ ቆርሳ «ብሉልኝ፣ ጠጡልኝ» ስትለን ግን እንግድነቷ ያበቃል። አቅም ካነሳት ማኅበርተኛው ዱቄቱንና ጌሾውን አስቀድሞ፣ ሰው ሳያይ ያድርስላት። የየማኅበሩ ሙሴዎች ይህን በሚቀጥለው ወር ጽዋ ላይ ለአባላቱ እንድታቀርቡት እለምናችኋለሁ።