የክረምት ጓደኝነት የሚዘልቀው በምን ነው?

በኢትዮጵያ ክረምት ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ብቻ ሳይሆን፣ ወጣቶች ከቤት ወጥተው አብረው የሚሠሩበት ወቅትም ነው። ሌላው ዓለም በክረምት ካምፕ የሚያገኘው አብሮ የመኖር ልምድ እዚህ አገር በዘመቻም ታይቷል። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. በጃንሜዳ የተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማርቷል። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ወጣቶችን በየዙሩ አስተማሪ አድርጎ ልኳል።

የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ግዳጅ ነበር። ከዘማቾቹ መካከል በቀይ ሽብር ያለቁም አሉ። ከተረፉት ብዙዎቹ ግን አንድ ነገር ይዘው ተመልሰዋል፤ በአንድ ጣቢያ በኩራዝ ብርሃን ያመሹ፣ ሽሮ በጋራ የሠሩ፣ ሲታመሙ የተደጋገፉ ጓደኞች። ከተማ ሲገቡ ጓደኛው ሚዜ ሆነ፤ ልጅ ሲወለድ ደግሞ አበልጅ።

አበልጅነት ቆም ተብሎ ሊታይ የሚገባው ሥርዓት ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልማድ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ ወንዱን ወንድ ያነሣዋል፣ ሴቷን ሴት ታነሣታለች። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ሁለቱ ቤቶች ዘመድ ናቸው፤ ልጆቻቸውም አይጋቡም። የክርስትና ልጅ በዓመት በዓል ሊጠይቅ ይሄዳል፤ የክርስትና አባትም ልጁ ሲያጠፋ ይቆጣል፣ ሲዳር ከአባት ጎን ይቀመጣል። አበልጆቹ ቢኳረፉ እንኳ ልጁ በመካከል አለና ዝምድናው አይፈርስም። በአንድ ክረምት ወይም በአንድ ዘመቻ የተጀመረ ጓደኝነት የልጆች ውርስ የሚሆነው እንዲህ ነው።

ጓደኝነትን የሚያዘልቀው ሁለተኛው መንገድ በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ያለው የጽዋ ማኅበር ነው። አባላቱ በወር አንድ ቀን በተረኛው ቤት ይሰበሰባሉ፤ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል። መጨረሻ ላይ ጽዋው በነጠላ ተሸፍኖ ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል፤ እሱም በሁለት እጁ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይዞት ይሄዳል። ጽዋው ቤቱ ያለ ሰው የሚቀጥለውን ወር መርሳት አይችልም። ማኅበርን ያቆየው ከፍቅር ይልቅ ይህ ተራ ነው። እምነቱ ሌላ የሆነ ሰው ይህንኑ በእቁብ ወይም ቤተሰብ በሚገናኝበት የቡና ቀን ሊያደርገው ይችላል።

የአዲስ አበባዋ ጌጃ ሰፈር ለዚህ ቀን ቆርጦ የመገናኘት ትምህርት ባዕድ አይደለችም። ሰፈርተኛው ግንቦት 1 ቀን ለልደታ ደጅ ላይ ተሰብስቦ ንፍሮ ሲቃመስ ኖሯል። መልሶ ማልማት መጥቶ ብዙ ጎረቤት በየኮንዶሚኒየሙ ሲበተን፣ የተገናኘው ቀን የቆረጠው ነው፤ "እንደዋወላለን" ብሎ የተለያየው ተጠፋፍቷል።

ዛሬ የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎታቸውን የሚያጠናቅቁት የሰፈሩ ወጣቶች እንኳን ደስ ያላቸው። የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተው ማኅበር የመሠረቱ እንዳይመስላቸው፤ መልእክት ማንንም ከቤቱ አያስወጣም። ከመለያየታቸው በፊት ስማቸውን በአንድ ደብተር ይጻፉ፣ በወር አንድ ቀን ይቁረጡ፣ የመጀመሪያውን ተረኛ ይምረጡ። ወላጆችም ቤታቸውን ይክፈቱላቸው። ልጆቹ ነገ ሲያገቡና ሲወልዱ ማኅበሩ የትዳር ጓደኞቻቸውንና ልጆቻቸውን ያስገባል፤ የቤተሰብ ልማድ የሚሆነውም ያኔ ነው።