የቁርጥማት ቅባትና የብድር መዝገባችን



የብድር መዝገባችንን ስናገላብጥ «ለቁርጥማት ቅባት» የሚል ደጋግመን አገኘን። ከኩየራ ድንችና ጎመን ተሸክመን ሻሸመኔ የምናደርስ ሴቶች ነንና ጉልበታችንን ቢያመን አይገርምም። ያስደነገጠን «ቅባቱ አይሠራም» ብለን ወደ ክኒን የዞርነው መብዛታችን ነው።

ፋርማሲ የሚሸጠውን የዲክሎፌናክ ጄል እንውሰድ። ባለ 1 በመቶው ለአንድ ጉልበት በአንድ ጊዜ እስከ 4 ግራም፣ በቀን እስከ 4 ጊዜ ይቀባል። በቀን 16 ግራም ማለት ነው። ባለ 30 ግራሙ ቲዩብ ሁለት ቀን እንኳ አይሞላም! እኛ ደግሞ በጣት ጫፍ እየነካን ወር እናደርሰዋለን። (ሒሳብ ሠራተኞች ስንናገር ነገሩ ወደ ቁጥር መሄዱ አይቀርም፤ ታገሡን።) ለውጡም የሚታየው ሳይቋረጥ ለቀናት ሲቀባ ነው።

ጄሉ ወደ ደም የሚገባው ከክኒኑ በጣም ያነሰ ስለሆነ ለጨጓራ ይሻላል። ከአባሎቻችን አንዷ ግን ጄሉንም ክኒኑንም አንድ ላይ ተጠቅማ ጨጓራዋ ደምቶ ተኛች፤ የታከመችበት ብድር እስካሁን አልተከፈለም። ሁለቱ አንድ መድኃኒት መሆናቸውን የነገራት አልነበረም። የጨጓራ፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ያለባት፣ ነፍሰ ጡርም ብትሆን፣ ባለሙያ ሳትጠይቅ አትቀባ። ቁስል ላይም አይደረግም።

በርበሬን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን በፋብሪካ ተመጥኖ የቁርጥማት ቅባት ይሆናል፤ የጓዳችንን በርበሬ ግን ለወጥ እንተወው።

ከሚቀጥለው ስብሰባ ጀምሮ ለመድኃኒት የምትበደር እህት ማዘዣዋን ይዛ ትምጣ። ቲዩቡ ስንት ቀን እንደሚበቃት አብረን እናሰላለን።